ዝም ያለውን አሳዩኝ

ሲስተር ፈንታነሽ ማረፏን የሰማሁት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ ሚኒባሴ ተራ እስኪደርሰው ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረ የጤና ጣቢያ ባልደረባ ነበር። የልጆቼን ደኅንነት ሁለት ጊዜ ሲጠይቀኝ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። እስቴ፣ ወንድሟ ቤት፣ ምሳ በልታ እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ወደቀች፤ ልቧ ነው አሉ። የስንቱን ሕፃን ትንፋሽ ቆጥራ ያተረፈች ሴት እንዲህ ባንድ አፍታ መሄዷ አናደደኝ። አዎ፣ ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ። ተራዬን ለሚቀጥለው ሰጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከንዴቱ ቀጥሎ የመጣብኝ ጭንቀት ነው። ለአዝመራ ማን ይነግራታል? መርዶውን ብቻ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲስተርና እኔ ብቻ የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ብቻዬን ቀረሁ። አዝመራ ማን እንደሆነች እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ሲስተር ልናገር።

እኔ ሾፌር ነኝ። ዛሬ የሰው ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ያን ጊዜ በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሾፌር ነበርኩ። ሲስተር ፈንታነሽ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ነበረች። አጭር፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር የእስቴ ሴት። ስትጨነቅ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ሁልጊዜ ስለምትጨነቅ ሁልጊዜ ትቆረጥማለች። የአምቡላንሱ ወለል ከገብስ ቆሎ ጸድቶ አያውቅም። ስለዚህ ነገር ብዙ ተነታርከናል፤ አንድም ቀን አሸንፌያት አላውቅም።

ሌላው ሰው ልጅ ተወለደ፣ እልል ተባለ፣ እናቲቱ ገንፎዋን በላች፣ አለቀ ይላል። ለእሷ የሚጀምረው ያኔ ነበር። የወለዱት ወደተኙበት ክፍል ስትገባ የሚያለቅሱትን ሕፃናት ዘወር ብላም አታያቸውም። «የሚያለቅሰው ይቆይ፤ ዝም ያለውን አሳዩኝ» ትላለች። እኛ ሁላችን የሚያለቅሰውን ስናባብል እሷ የተኛውን ትቀሰቅሳለች። አያቶች ይህን ጠባይዋን አይወዱላትም ነበር። አንዷ እንዲያውም ልጄን አላስተኛ አለች ብላ ለኃላፊው ከስሳታለች።

ከጋውኗ ኪስ ባዘቶ አይጠፋም፤ ለፈትል የተዘጋጀ ለስላሳ ጥጥ። ገበያ ላይ ከሚፈትሉት ሴቶች ቁንጥር ትለምናለች። ለምንሽ ነው ሲሏት ለአፍንጫ ትላለች፤ ይሥቁባታል። ከባዘቶው ክር የምታህል መዝዛ በሕፃኑ አንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ትይዛለች። ጥጧ ከተንቀሳቀሰች ወደ ሁለተኛው ትሄዳለች። በሁለቱም በኩል አየር መውጣቱን ስታይ ብቻ ነው ትከሻዋ ዝቅ የሚለው። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ጥንቆላ ቢጤ መስሎኝ ነበር፤ ይህንን ነግሬያት አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ለምን ይህን ያህል አፍንጫ አፍንጫ እንደምትል አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠየቅኳት። ትልቅ ሰው አፍንጫው ሲደፈን አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል አለችኝ፤ አራስ ልጅ ግን ይህን ገና አያውቅበትም፣ ትንፋሹ በአፍንጫው ነው። ጡት ሲይዝ አፉ ሥራ ላይ ነው፤ አፍንጫው ከተደፈነ ወይ ይጠባል ወይ ይተነፍሳል። ይጀምራል፣ ይታፈናል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። እናትየው ወተቴ አልጣመውም ትላለች፣ አያትየዋ ዓይን ነው ትላለች፤ ልጁ ግን አየር አጥቶ ነው። ያልጠባና ያልተኛ ልጅ አያድግም። ጭንቅላቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ሞላ፣ ያንተ መኪና ናፍጣ ሲያልቅበት ይቆማል፤ ስትሞላለት ይነሣል» አለችኝ። «ጭንቅላት እንደሱ አይደለም። አየር ባጠረው ጊዜ የሄደው ሁሉ ተመልሶ አይመጣም።»

እኔ ቀልጄ አለፍኩት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ገበያ መሐል አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ስትሄድ አየች። ልጁ አፉን ከፍቶ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተኝቷል። ፈንታነሽ ሽንኩርቷን ትታ ተከተለቻት፤ ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ ድረስ፣ አንገቷን አስግጋ የልጁን አፍ እያየች። ሴትየዋ ቀማኛ መሰለቻትና ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ባልደርስ ኖሮ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነርስ በዱላ ትቀጠቀጥ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ልጁ ጉንፋን ይዞት፣ አፍንጫው እንዲከፈት ብለው የቀለጠ ቅቤ አንጠባጥበውበት ኖሯል፤ ቅቤው ረግቶ ጭራሽ ደፍኖታል። ወደ ሳምባው ቢወርድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል እዚያው ቆማ ለገበያው ሁሉ ስታስረዳ ዋለች። በጨው ውሃ ቀስ እያለች አጸዳችለትና እናቱ ጡቷን ስትሰጠው ሳያቋርጥ ሲጠባ ቁጭ ብላ አየችው። ያን ያህል ደስ ብሏት ያየኋት ጥቂት ቀን ነው።

የአዝመራ ነገር የሆነው በዚያው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ጎልማሳ እየሮጠ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባ። ሚስቱ አዝመራ ወንድ ልጅ ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቤት ነው የወለደችው፤ ምጡ ስለቸኮለባት። ልጁ ሲያለቅስ ደኅና ነው፤ ዝም ሲል ከንፈሩ ይጠቁራል። ጡት ሲሰጡት ትንሽ ስቦ ይንፈራገጣል። ቤተ ዘመዱ ያለ የሌለውን ሞክሮ ዓይን ነው፣ ጥላ ነው ሲል ቆይቷል። ፈንታነሽ ሰውየውን አላስጨረሰችውም፤ ቦርሳዋን ይዛ ከእኔ በፊት መኪናው ውስጥ ነበረች።

ስንደርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ መደብ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን እያየች ታለቅሳለች። አማቷ፣ የአጥቢያው ካህን ቄስ አድማሱ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጸልያሉ። ልጁ በዚያች ደቂቃ ዝም ብሎ ነበር። ፊቱ የጠቆረ፣ ደረቱ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ የሚገባ። ፈንታነሽ የእግሩን መዳፍ በጣቷ መታ መታ ስታደርገው አለቀሰ፤ ዓይናችን እያየ ቀይ ሆነ። ጥጧን አውጥታ በቀኝ ያዘች፣ በግራ ያዘች። ጥጧ አልተንቀሳቀሰችም። ቀጥላ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በአፍንጫው ልታስገባ ሞከረች፤ ጥቂት ሄዶ ቆመ። በሌላውም እንዲሁ።

ለእኔ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ንፍጥ አይደለም፤ የሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎች ኋለኛ በር ሳይከፈት ነው የተወለደው። በቀዶ ሕክምና ይከፈታል፣ ግን ትልቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ እስከዚያ ድረስ ሕይወቱ አፉ ነው። ከቦርሳዋ የጡጦ ጫፍ አወጣች፣ በመቀስ ቆርጣ ቀዳዳውን አሰፋችና በልጁ አፍ አስገብታ በፋሻ አሰረችው። አፉ እንዳይዘጋ ነው። የልጁ ቀለም መለስ አለ። ወተቱን በየጊዜው ጠብታ ጠብታ በማንኪያ እንሰጠዋለን ብላ እናቱን አስነሣቻት።

ያኔ ቄስ አድማሱ ተናገሩ። ልጁ አርባ ቀኑን እንዲህ ሆኖ እንደማይደርስ አይተዋል፤ ሳይጠመቅ ከአጥቢያው አይወጣም። መንገድ ላይ ቢሆንስ? ፈንታነሽ ልትከራከር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ቤተ ክርስቲያኑ መንገዳችን ላይ ነው፤ ጥምቀቱም ለሞት ያስፈራ ልጅ ከአርባ ቀኑ በፊት የሚፈቀድ ነው። ቶሎ ከሆነ እሺ አለች። እኔም ልክ ናት አልኩ፣ አሁንም ልክ ነበረች እላለሁ። የልጅ አያት ስለ ልጅ ነፍስ መጨነቁ ምን ይገርማል?

አዝመራ አራስ ስለሆነች ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጪ ከዘመዶቿ ጋር ቀረች። ለወንድ ልጅ የክርስትና አባት ያስፈልጋል። የታሰበው አጎት የሚኖረው ከገደሉ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቄስ አድማሱ ዞር ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

«ክርስቲያን ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ አባ፤ ሾፌር ብሆንም» አልኳቸው።

እንዲህ ሆኜ የሕፃኑ፣ የቢያድግልኝ፣ የክርስትና አባት ሆንኩ። ጡጦው ከአፉ ወጥቶ ልጁ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሲገባ የጮኸው ጩኸት ክርስትና ቤቱን ሞላው። አንገቱ ላይ ማዕተቡ ታሰረለት፣ በነጠላ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ተቀመጠ። ቀይ፣ ሞቃት፣ አፉን ከፍቶ የሚጮህ ልጅ። እኔ ልጆች አሉኝ፤ የአንዳቸውንም ጩኸት እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም። ድኗል አልኩ። በሙሉ ልቤ አመንኩ።

ውጪ ያሉት ሴቶች ልጁን ሲያዩት እልልታው ቀለጠ። የነካው ለቀቀው ተባለ። ፈንታነሽ ጡጦውን መልሳ ልትከት ስትል አክስቶቹ እጇን ያዟት፤ በተጠመቀ ልጅ አፍ ላስቲክ አይገባም አሉ። የልጁ አባትም ወላወለ። ከዳነ ምን ብለን ከተማ እንወስደዋለን፣ አራሷስ በዚያ መንገድ እንዴት ትሆናለች አለ። አዝመራ አንድ ጊዜ ባሏን፣ አንድ ጊዜ ፈንታነሽን ታያለች። ፈንታነሽ ያለቀሰው ስለሆነ ነው፣ ዝም ሲል እዩት እያለች ትለምናለች፤ ከእልልታው መሐል የሚሰማት የለም። በመጨረሻ የልጁ አባት ወደ እኔ ዞረና መኪናው ለመሄድ ዝግጁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ነው ሰባት ዓመት የምመላለስበት። ዝግጁ ነው ማለት ነበረብኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ሰው መኪናዬ ውስጥ አርፎብኛል፤ አንዷ እናት ነበረች። ሦስተኛው አሁን በእጄ የያዝኩት ልጅ እንዲሆን አልፈለግሁም። ደግሞም ድኗል ብያለሁ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

«ራዲያተሩ ፈልቷል» አልኩ። «ካልቀዘቀዘ አይነካም። አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

በቃ፣ ነገሩ ተወሰነ። ልጁንና አራሷን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለ የዘመድ ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ፈንታነሽ አልተከተለቻቸውም፣ መጀመሪያ ወደ መኪናው መጣች። መኪናው ከመጣንበት ጊዜ ጀምሮ የጽድ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አደረገች። ቀዝቃዛ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እሷም እጇን ቶሎ አላነሣችም። አየችኝ። እስክትጮህብኝ ጠበቅኩ። ባትጮህም አንድ ነገር እስክትል ጠበቅኩ። እሷ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ቤቱ ሮጠች። በኋላ ሳስበው፣ በሰው ፊት ውሸታም ብትለኝ ኖሮ ነገሩ የሾፌርና የነርስ ጠብ ሆኖ ልጁ ይረሳ ነበር።

መኪናው አጠገብ ጥቂት ቆየሁ። ልጁ ሲያለቅስ እሰማለሁ፤ ሲሰማኝ ደኅና ነኝ። ከዚያ ድምፁ ይቆማል። እጠብቃለሁ። እንደገና ይነሣል። ሲቆም የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ መጣ። መቆም አቃተኝና ሄድኩ።

ቤቱ ውስጥ አዝመራ ጡቷን አውጥታ ልጁን ታባብላለች። ሁሉም ሰው ያባብላል። እሹሩሩ የሚል አለ፣ እግሩን የሚያሽ አለ። ልጁ ጡት ይይዛል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ፈንታነሽ ቀምታ ታስለቅሰዋለች፣ ቀይ ይሆናል፣ ምን አድርጎሽ ነው የምታሰቃዪው ብለው ይቀሟታል። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አላውቅም። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ልጁ ማልቀስም ደከመው። ፀጥ አለ። ሴቶቹ ተኛ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ፈንታነሽ ያኔ ወደ ቄስ አድማሱ ሄዳ ተንበረከከች። ጥጧን መዳፋቸው ላይ አደረገች።

«አባቴ፣ እኔን አይመኑኝ» አለቻቸው። «ራስዎ ይያዙት።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። አንዱን እጃቸውን በሌላው ደግፈው ጥጧን በልጁ ቀኝ አፍንጫ ሥር አደረጓት። ቆዩ። በግራው አደረጓት። ቆዩ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁላችን አብረን ትንፋሻችንን ይዘናል። ፈንታነሽ የልጁን እግር መታ ስታደርግ አፉ ተከፈተና ጥጧ ከጣታቸው ላይ በረረች። ልጁ ደግሞ ዝም አለ፤ ከንፈሩ ወዲያው ጠቆረ። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ፊታቸው እንደ ልጁ ጠቁሮ ነበር።

«እኛ የነፍሱን አደረግን» አሉ። «የሥጋውን አንቺ አድርጊ። ውሰጂው ልጄ።»

አክስቶቹ ከመንገዷ ዞር አሉ። እኔ ግን መኪናው ቀዝቅዟል ብዬ እየተናገርኩ መሮጥ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ እስከ ንፋስ መውጫ ያለውን ሽቅብ ብዙ ጊዜ ነድቼዋለሁ፤ ያን ቀን የነዳሁት ሌላ መንገድ ነው የሚመስለኝ። ፈንታነሽ ኋላ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የጡጦውን ጫፍ በአፉ ውስጥ በሁለት ጣቷ ይዛለች፤ በየጉድጓዱ ስንዘል እንዳይወጣ ነው። አዝመራ በትንሽ ማንኪያ ከጡቷ ያለበችውን ወተት ትይዛለች፤ ፈንታነሽ ስትፈቅድ ጠብታ ትሰጠዋለች። ዞሬ እንዳላይ አዝዛኛለች። መንገድህን እይ፣ ይኸኛው የኔ ነው አለችኝ። ጆሮዬ ግን ኋላ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ መሪው ይቀለኛል፤ ዝም ሲል ይከብደኛል። አርብ ገበያን ስናልፍ ገበያተኛው ከነአህያው መንገዱን ሞልቶት ክላክስ ሳልለቅ አለፍኩ። ያን ያህል የረገምኩት ገበያ የለም። ንፋስ መውጫ ኦክስጅን ሰጡት፣ ቁጭ አላልንም፤ ወደ ትልቁ ከተማ ቀጠልን። ከዚያም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላከ። በሳምንቱ ተከፈተለት፤ ቀጫጭን ቱቦዎች በአፍንጫው ሰክተውለት ከረመ። ሲወጡለት አዝመራ ደውላ ስልኩን ልጁ አፍንጫ ሥር አደረገችው። ትንፋሹን ሰማሁት።

ቢያድግልኝ ኖረ። ፈንታነሽ ግን ከእሱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። በየወሩ ዓርብ አዝመራ ለገበያ ስትመጣ ጤና ጣቢያው ታስገባዋለች፤ ታስመዝነዋለች፣ ጭንቅላቱን ትለካለች፣ ዓይኑ ይከተል እንደሆነ ለማየት ጣቷን ፊቱ ላይ ታንቀሳቅሳለች። አንገቱን ለማቅናት ዘገየ። ለመቀመጥ ዘገየ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነው የሄደው። ቃል ያወጣው አራት ሊሞላው ሲል ነው። አዝመራ በተጨነቀች ቁጥር ፈንታነሽ አብራት ትጨነቃለች፤ አይዞሽ ምንም አይደል ብላ አታታልላትም። አውሪው፣ ዝፈኚለት፣ ውሃ ስትቀጂ ውሃ በይው፣ እሳት ስታነጂ እሳት በይው ትላታለች። በሌሎች ቤቶች ዘገምተኛ ተብሎ ጥግ የሚቀመጥ ልጅ በእሷ ጉትጎታ ቀስ እያለ ሰው መሐል ገባ።

እኔ የክርስትና ልጄን በዓመት በዓል እጠይቃለሁ፤ ልብስ እገዛለታለሁ። አዝመራ አበልጄ ብላ ታከብረኛለች። ታሪኩን ለሰው ስትናገር ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች፤ ሲስተር አዳነችው፣ አበልጄ አበረረን፣ ያቺ መኪና ባትፈላ ኖሮ ደግሞ ልጄ ይሻለው ነበር፤ ብረት ነው፣ ምን ይደረጋል? እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከፈንታነሽ ጋር መንገድ ላይ ጎማ ቀይሬ ስጨርስ ጠየቅኳት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ልጁ የዘገየው በዚያች ሰዓት ነው ወይ አልኳት። ቆሎዋን መቆርጠም አቆመች።

«በዚያች ሰዓት ነው ብልህ ውሸት ይሆናል» አለችኝ። «አይደለም ብልህም ውሸት ይሆናል። ሁለት ቀን ሲታፈን ኖሯል። የትኛው ደቂቃ ምን እንደወሰደበት እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም።»

ለአዝመራ ለምን እስካሁን እንዳልነገረቻት ጠየቅኳት።

«የምትነግራት አንተ ነህ። እኔ አልነግርልህም፤ አልነግርብህምም» አለችኝና ወደ መኪናው ገባች። ከዚያ በኋላ ወደ እስቴ እስክትዛወር ድረስ ሁለተኛ አላነሣችብኝም። አለመናገሯ ቢገላግለኝ ጥሩ ነበር፤ አልገላገለኝም። በየወሩ ያንን ልጅ ስትለካ እያየሁ መኖር ቀላል አልነበረም።

መርዶውን ለአዝመራ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ልጁን ይዛ መጣች፣ ይዣቸው ወደ እስቴ ለለቅሶ ሄድን። ቢያድግልኝ ዘንድሮ ሰባት ሆኖታል፤ አንደኛ ክፍል ገብቷል፣ ፊደሉ ላይ እየታገለ ነው። ሲናገር ቃላቱን አንድ አንድ እያለ ያወጣቸዋል። ድንኳኑ ውስጥ የፈንታነሽ ወንድም ከየት እንደመጣን ጠየቀ፤ አዝመራ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረች። ጥጡን፣ ጡጦውን፣ መንገዱን ተናገረች። ለቀስተኛው አለቀሰ። መኪናዋ ጋ ስትደርስ፣ ያቺ መኪና ባትፈላ ኖሮ ስትል፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ትንሽ ቆይታ ልጁን ይዛ ተከተለችኝ። ምን ሆኑ፣ አመመዎት ወይ አለችኝ። ግድግዳው ጥግ ቆመን ነበር። ነገርኳት። መኪናው አልፈላም ነበር አልኳት። እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ ፈርቼ ነው፣ ድኗል ብዬም ነው፣ ግን ዋሽቼ ነው አልኳት። ቀድሞ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

አዝመራ ልጁን አየችው። እሱ በጫማው ጫፍ አፈሩን እየጫረ ነው።

«ሲስተር ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ታውቅ ነበር።»

«ሁለታችሁም» አለች።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የራሴን ሸክም ላወርድ ብዬ ገና አፈሯ ያልደረቀውን ሴት ከአዝመራ ልብ ውስጥ እንዳወጣሁባት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሲስተር ሸሽጋሽ አይደለም፣ የኔ ነገር ስለሆነ ነው ዝም ያለችው ልል ፈለግሁ። አዝመራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ድንኳኑ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። መቆጣት፣ መጮህ፣ ልጄን አትንካ ማለት፣ ሁሉም ይገባት ነበር፤ እኔም እየጠበቅኩት ነበር።

ቢያድግልኝ ቀሚሷን ጎተተ። «እማ» አለ። ቀጣዩን ቃል ፈለገ፣ ፈለገ፣ አገኘው። «ውሃ።»

አዝመራ አላየችውም፣ እኔንም አላየችኝም።

«ይውሰዱትና ያጠጡት» አለች። «አባቱ አይደሉ?»